ታንከሩ በአራስ ደጅ ሲያልፍ

የኔ ሥራ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ ብዬ ነው የምመልሰው፤ የሚስቅ ይስቃል። ክሬን ጭነት አንጠልጥሎ ሲራመድ ከፊቱ ሆኖ፣ ፊቱን ወደ ክሬኑ፣ ጀርባውን ወደ መንገዱ አድርጎ በእጁ ምልክት የሚሰጥ ሰው ያስፈልገዋል። ኦፕሬተሩን ጭነቱ ይጋርደዋል፤ ከፊቱ ያለውን መሬት አያይም። የሚያየው የኔን እጅ ነው። እጄ ሲጣራ ይመጣል፣ ሲጨበጥ ይቆማል። አሶሳንና ዙሪያዋን አብዛኛውን ያወቅኳት በጀርባዬ ነው ብል አልዋሸሁም።

ብዙ ሰው ክሬን ማለት ቆሞ የሚያነሳ ነገር ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። የብረት እግሮቹን ዘርግቶ መሬት ይቆነጥጣል፣ ያነሳል፣ ያዞራል፣ ያስቀምጣል፤ እዚያው በቆመበት። ጭነት ይዞ መራመድ ግን ሌላ ጣጣ ነው። የብረት እግሮቹ ይሰበሰባሉ፤ ክሬኑም ጭነቱም በአራት ጎማ ላይ ብቻ ይቀራሉ። ጎማ ደግሞ አየር ነው። መሬቱ ትንሽ ሲያጋድል ክሬኑ ያጋድላል፤ ክሬኑ ሲያጋድል ጭነቱ ይወዛወዛል፤ ጭነቱ ከባሰበት ክሬኑንም ይዞት ይወድቃል። እንስራ አዝላ ቁልቁለት የወረደች ሴት ይሄን ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች፤ ውሃው ሲናጥ የሚጎትተው እሷን ነው።

አብሮኝ የሚሠራው ኦፕሬተር ቡለን ተወልዶ ያደገ፣ መተከል ውስጥ እብነበረድ ከሚቆረጥበት ተራራ ላይ ድንጋይ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ጋሼ ነው የምለው። ከአፉ ቃል አይወጣም። ቀኑን ሙሉ የሚናገረው ተሰብስቦ አንድ የባጃጅ ሹፌር ከገበያ እስከ መናኸሪያ የሚያወራውን አያህልም። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ የሰፈሩ ናቸው፤ እኛ ቤት ዝም ያለ ሰው ምን ነካው፣ አመመው ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ስለዚህ ለሁለታችንም የሚበቃውን የማወራው እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ የተጠራነው ከአሶሳ ብዙም ወደማይርቅ አንድ የበርታ መንደር ነው። መንደሩ ወንዝ እንጂ ውሃ የለውም። ወንዙን ከብቱም፣ ልብስ አጣቢውም፣ ሕፃኑም ይጋራዋል። ከላይ ጉብታው ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ፓምፕ ገብቶ፣ የታንከሩ ማስቀመጫ ተሠርቶ አልቋል፤ የቀረው ታንከሩ ራሱ ነበር። ብረት ነው፤ ቢያጋድሙት ከአንድ ጎጆ ይረዝማል። የጫነው ሎቤድ፣ ያ ረዥሙ ዝቅ ያለ ተሳቢ፣ ዋናው መንገድ ላይ ደርሶ ቀረ፤ ወደ መንደሩ የሚያስገባው ኩርባ ያን ሁሉ ርዝመት አያዞርም። በዚህ ምክንያት ክሬኑ ታንከሩን ከመኪናው አንስቶ፣ እንዳንጠለጠለ፣ በራሱ ጎማ እየተራመደ ጉብታው ድረስ ሊያደርሰው ነው።

ዝናቡ ሊገባ ደርሷል። ያ ቀይ አፈር አንዴ ከረጠበ ክሬን ጭነት ይዞ አይረግጠውም፤ ክረምቱ እስኪወጣ መጠበቅ ነው። ይሄን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ የመንደሩ ሰው ከኛ በላይ ያውቅ ነበር።

መሐንዲሱ ወጣት ነው፤ ጨዋ ነው፣ ሥራውን ያውቃል። ከሥራው ቀን ቀድመን መንገዱን አብረን ረገጥነው። ምስጥ ያቦረቦረውን በጠጠር አስሞላ፣ ጎርፍ የሸረሸረውን አስደለደለ፣ ቡሙን፣ የክሬኑን ረዥም ክንድ፣ የሚነካ ቅርንጫፍ አስቆረጠ። ፍሬ የያዘ የማንጎ ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ባለቤቱ ፊቱን አዞረ እንጂ ክፉ አልተናገረም። እንዲህ እንዲህ እያልን መንገዱ እኩሌታ ላይ ስንደርስ መሐንዲሱ ቆመ።

እዚያ ጋ መንገዱ ይጠባል። በአንድ በኩል አለት ነው። በሌላው በኩል፣ መሬቱ በሚያዘቀዝቅበት፣ የቀርከሃ ግድግዳና የሣር ክዳን ያለው ቤት አለ። ክሬኑ ያልፋል፤ ታንከሩም በርዝመቱ ቀጥ ብሎ ከሄደ ያልፋል። ትንሽ ከተወዛወዘ ግን ወይ አለቱን ይመታል ወይ ቤቱ ውስጥ ይገባል። ቤቱ ውስጥ ደግሞ አራስ ተኝታለች።

የተንጠለጠለ ጭነት አጠገብ ሰው አይኖርም፤ የሥራው ሕግ ነው። ጋሼ በምንም ነገር አይከራከርም፤ በዚህ ግን፣ ሰው ካለበት አልነካም ብሎ ኮፍያውን አወለቀና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በሌላ በኩል አራስ አርባ ቀኗ ሳይሞላ ከቤት አትወጣም። ይሄ ደግሞ የበርታ ብቻ አይደለም፤ እኛም ቤት እንደዚያው ነው። አራስ ለምርመራ ትምጣ ያለ ሐኪም ከእናቴ ምን እንደሰማ አልረሳውም።

ያነጋገሩን የአራሷ አማት ናቸው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ጉንጫቸው ላይ ቀጥ ቀጥ ያለ የድሮ ጠባሳ ያለባቸው ሴትዮ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሐቦባ ነው የሚላቸው፤ አያት ማለት ነው። አማርኛ በገበያ የለመዱት ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚሉት፣ ሴቷን እኔንም ጭምር። መሐንዲሱ በትሕትና አስረዳቸው፤ መኪና አዘጋጃለሁ፣ እናትና ልጅ አሶሳ ዘመድ ጋ ውለው ማታ ይመለሳሉ፣ ቤቱም ቢነካ እንሠራዋለን አላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

"ልጅ አይወጣም" አሉ። "ሁለቱ ወጣ። አልተመለሰም።"

መሐንዲሱ አልገባውም፤ እኔም አልገባኝም። ያስረዱን ጎረቤት ሴቶች ናቸው። ከዚህ ሕፃን በፊት ሁለት ነበሩ። ሁለቱም በክረምት፣ ወንዙ ሲደፈርስ፣ ተቅማጥ ይዟቸው ወደ ጤና ጣቢያ ወጡ፤ ሁለቱም በከፈን ተጠቅልለው ተመለሱ። ሐቦባ ይሄ ሦስተኛው ሲወለድ እልል አላሰኙም። በሰባተኛው ቀን በጉ ታርዶ ስም ይወጣለታል፤ ሼሁ መጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ስም ሳያወጡ ተመለሱ። ውሃ ከቧንቧ ሳይወርድ ስም የለም ብለዋል ሐቦባ። ሼሁ ይሄ ደግ አይደለም ብለው መክረዋቸው ነበር፤ እሳቸው ሻይ ጨመሩላቸው። ሕፃኑን ቤተሰቡ ሁሉ እንግዳው እያለ ነው የሚጠራው። እንግዳው ተኛ፣ እንግዳው ጠባ። ሊቆይም ሊሄድም እንደሚችል ሰው።

እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነበር። በመንደሩ ውስጥ ያንን ታንከር ከማንም በላይ የሚፈልጉት ሴትዮ ናቸው መንገዱን የዘጉት። አርባ ቀኑ ይሙላ ካልን ዝናቡ ይቀድመናል፤ ዝናቡ ከቀደመን ሕፃኑ የመጀመሪያ ክረምቱን በወንዝ ውሃ ይከርማል። ሐቦባ ይሄን አልሳቱትም።

እኔ ትዕግሥት የለኝም፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። እማማ፣ አልኳቸው፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፤ ወይ ውሃው ወይ ቤቱ። እሳቸው ትኩር ብለው አዩኝ። ተቆጡ ብዬ ነበር። ከዚያ ቤታቸውን ዞረው ተመለከቱት፤ ቀጥለው ከጀርባው፣ ወደ ታች ራቅ ብሎ ያለውን የባላቸውን ወንድም ቤት ተመለከቱ።

"ቤት ይረዝማል" አሉኝ። "አንተ ቆይ።"

ነገሩ የገባኝ በማግስቱ ነው። አራስ ከቤት አትወጣም እንጂ ከቤት ወደ ቤት አትሄድም የሚል የለም፤ ከክዳን ስር እስካልወጣች ድረስ አልወጣችም። ጠዋት ስንመጣ መንደሩ ነፊር ወጥቷል፤ እኛ ደቦ የምንለውን እነሱ ነፊር ይሉታል። ወንዶቹ ቀርከሃ ተሸክመው ይመጣሉ፣ ይሰነጥቃሉ፣ ይሸምናሉ፤ ሴቶቹ ሣር ያቀብላሉ። ከቤቱ የጓሮ በር እስከ ወንድምየው ቤት ድረስ ግድግዳና ክዳን ያለው መተላለፊያ ሠሩ። መሐንዲሱ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ገብቶ ከጫፍ ጫፍ ሄደበትና ቀርከሃ ያዘላቸው።

ሲሠሩ ይዘፍናሉ። አውራጁ የአራሷ ባል ነው፤ ድምፁ ወፍራም፣ እጁ ፈጣን። አንዱ ወገን ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል፤ የሚያወርደው ሲጎትት የሚቀበለው ያላላል፣ የሚቀበለው ሲጎትት የሚያወርደው ያርፋል። ሥራው እንዴት እንዳለቀ ሳይታወቅ አለቀ። ቁጭ ብዬ አየሁት፤ ደስ ይል ነበር። የኛ ሰዎችም ጎተራ ሲያነሱ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ሐቦባ ግን ዘፈኑ ሲሞቅም ፊታቸው አልተፈታም፤ በየመሃሉ እየመጡ ሣሩን እያስጠበቁ ይመለሳሉ።

አራሷ የተሻገረችው ወደ ማታ ገደማ ነው። ወንዶቹ ፊታቸውን አዞሩ። በቀርከሃው ስንጥቅ ውስጥ ያየሁት ነጭ ነጠላና በቀስታ የሚራመዱ እግሮች ብቻ ነው። ደረቷ ላይ የታቀፈችው ጥቅል ድምፅ አላሰማም። ጋሼ ኮፍያውን አነሳና አደረገ። አሁን ይሄዳል አለ።

በማግስቱ ጤዛው ሲደርቅ የጎማዎቹን አየር ለካ። ቡሙን አሳጠረ፣ ዝቅ አደረገ፣ ወደ ፊት አቅንቶ እንዳይዞር ቆለፈው። ታንከሩን በሁለት በኩል በሽቦ ገመድ አስረን መንጠቆው ላይ ሰቀልነው። ከሎቤዱ ላይ ያወረደው የብረት እግሮቹን ዘርግቶ ነው። ከዚያ እግሮቹን ሰበሰበና በጎማ ብቻ ቆሞ እንደገና አነሳው፤ ከመሬት ስንዝር ያህል። ከዚያ በላይ ማንሳት ለተመልካች ያምራል እንጂ ለሥራው አይረባም።

ጭነቱ እንዳይዞርና እንዳይወዛወዝ ከሁለቱ ጫፎቹ ረጃጅም ገመድ ይታሰርና ሰዎች ይዘውት በግራና በቀኝ ራቅ ብለው ይሄዳሉ። ያዦቹ ትናንት ቀርከሃ ሲሸምኑ የዋሉት ሰዎች ናቸው፤ በቤቱ በኩል ያለውን ገመድ የሚመራው የአራሷ ባል። ጋሼ ከወንበሩ ወርዶ የቀኑን ትልቁን ንግግር አደረገ፦ ገመዱ ይወጠር እንጂ አይጎተት። እኔ ደግሞ አብራራሁት፤ እናንተ አትወስዱትም፣ የሚወስደው ክሬኑ ነው፣ የናንተ ሥራ ገመዱን አለማላላት ብቻ ነው አልኳቸው። እሺ አሉ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

በእጄ ጠራሁ፤ ክሬኑ ተንቀሳቀሰ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላል ጋሼ በየሥራው መጀመሪያ፤ ተረት ሲያወራ የምሰማው ያኔ ብቻ ነው። ኩርባውን በሰላም ዞርን። የማንጎዎቹን ጥላ አለፍን። ሰው በየአጥሩ ላይ ቆሟል፤ ልጆች በእናቶቻቸው ክንድ ተይዘዋል። እኔ ተረከዜ መሬቱን እየዳሰሰ ወደ ኋላ እሄዳለሁ፤ ዓይኔ ከታንከሩ ወደ ጎማ፣ ከጎማ ወደ ጋሼ ፊት ይመላለሳል።

ጠባቡ ቦታ ልንደርስ ስንል ዘፈኑ ተጀመረ።

ማን እንደጀመረው ልንገራችሁ ብል ውሸት ነው፤ ክፋት ግን የለበትም። ገመድ የያዘ እጅ፣ ከፊቱ ከባድ ነገር፣ ከዳር የሚያይ መንደር፤ እንዲህ ሆኖ ዝም ማለት አልለመዱም። ዝም ብሎ መሥራት ለነሱ አለመተባበር ነው። ባልየው አወረደ፣ በአለቱ በኩል ያሉት ተቀበሉ። የሚያወርደው ወገን ሲያወርድ ሳበ፤ የሚቀበለው ሲቀበል ሳበ። ትናንት ቀርከሃውን ያቀናው ያ ምት ዛሬ ታንከሩን ወዲያና ወዲህ ያደርገው ጀመር።

መጀመሪያ ልጅ በአንቀልባ እንደሚወዘወዝ ያህል ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ቀጥሎ የክንድ ያህል ሄደ። ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ነገር የራሱ ምት አለው፤ ክፋቱ ዘፈኑ ያንኑ ምት አገኘው። በየቅብብሉ መወዛወዙ ጨመረ። እጄን ጨበጥኩ፤ ጋሼ ቀስ ብሎ አቆመ። ክሬኑ ቆመ፤ ታንከሩ ግን አልቆመም። አቁሙ፣ ገመዱን ብቻ ወጥሩ ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ትንሽ አይደለም፤ ዘፈኑ ዋጠው።

ጋሼ ክላክስ ነፋ። ደጋግሞ ነፋ። አሶሳ ውስጥ ደጋግሞ ክላክስ የሚነፋ መኪና ሙሽራ የጫነ ነው። ገመድ ያዦቹ ደስ አላቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ከአጥሩ በኩል አንዲት ሴት እልልታ ጀመረች።

ያኔ በአለቱ በኩል ያለውን ጎማ አየሁት። በክብደቱ ተጨፍልቆ የነበረው ጎማ፣ ታንከሩ ወደ ቤቱ በሄደ ቁጥር ክብ ይሆናል። መሬቱን ሊለቅ ነው ማለት ነው። ፈራሁ። ጭነት ሲወዛወዝ ቶሎ አሳርፈው የሚል ምክር አለ፤ ግን እየተወዛወዘ መሬት የነካ ታንከር ይንከባለላል፤ የሚንከባለለው ወደ ቁልቁለቱ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ ቤቱ፣ ከቤቱ ኋላ ያ የቀርከሃ መተላለፊያ፣ ከመተላለፊያው ጫፍ እናትና ልጅ። ጋሼም ይሄንኑ እያሰበ መሆን አለበት፤ እጁ መዘውሩ ላይ ደርቆ ቀርቷል።

በዚህ መሃል የቤቱ በር ተከፈተና ሐቦባ ወጡ።

ቤቱ ባዶ ነው ብለውን ነበር። እኔ ራሴ ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ማንም የለም ወይ ብዬ ጠይቄአለሁ። ለካ የአራስ ቤት ባዶ አይተውም ብለው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ኖረዋል። ከተናደድኩባቸው ቀኖች ሁሉ ያ ቀን ይበልጣል፤ ግን ለመናደድም ጊዜ አልነበረም። አጥሩ ጋ መጡ። ታንከሩን አላዩትም። እኔንም፣ ጋሼንም አላዩም። ልጃቸውን፣ አውራጁን፣ አዩትና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

"እንግዳው ተኝቷል" አሉ። በቋንቋቸው ነው ያሉት፤ ያቺን ያህል እሰማለሁ።

ሕፃኑ እዚያ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። መተላለፊያውን የሠሩት እነሱ ናቸው። ከዚያ ሩቅ ቤት ውስጥ ሆኖ ይሄን ዘፈን ቢሰማም ባይሰማም ለውጥ የለውም። ግን የአውራጁ አፍ መሃል ቃል ላይ ተከደነ። ተቀባዮቹ የሚቀበሉት አጡ። እልልታዋም ቆመች። ያን ያህል ሰው ባንድ ጊዜ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ።

እጆች ሳይስቡ ያዙ። ገመዱ ተወጥሮ ቀረ። ታንከሩ አንዴ ወደ አለቱ፣ አንዴ ወደ ቤቱ፣ ከዚያ እያነሰ፣ እያነሰ፣ ቆመ። ጎማው እንደገና ተጨፈለቀ። ጋሼ ግንባሩን በእጅጌው ጠረገና አየኝ። ሐቦባን ቀና ብዬ አየኋቸው፤ በእጄ ውረዱልኝ፣ ሂዱልኝ አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ታዘዙኝ፤ በመተላለፊያው ወርደው ወደ ልጁ ሄዱ። እስኪገቡ ጠበቅን። ከዚያ በእጄ ጠራሁ።

በአራስ ደጅ ያለፍነው በዝምታ ነው። የጠጠሩ ድምፅ ይሰማል፣ የሽቦው ገመድ ሲጨነቅ ይሰማል። ወንዶቹ በጣታቸው የሚሄዱ ይመስል ነበር። ከቤቱ ካለፍን በኋላም፣ መንገዱ ሰፍቶ አደጋው ሁሉ ካለቀ በኋላም፣ ማንም ድምፅ አላወጣም፤ ጉብታው ላይ ስንደርስም፣ ጋሼ የብረት እግሮቹን ዘርግቶ ታንከሩን ወደ ማስቀመጫው ሲያወጣውም። ብሎኖቹ ሲጠብቁ መሐንዲሱ ያዦቹን አመሰገነና አሁን ዝፈኑ እንጂ አላቸው። አውራጁ ፈገግ አለ፤ ራሱን ነቀነቀ።

ክሬኑን ስንመልስ ሐቦባ ጋ ወረድኩ። ልቆጣቸው ነበር የሄድኩት፤ ተቆጣኋቸውም። ቤቱ ውስጥ ተቀምጠው ታንከሩ ቢገባስ፣ ብዬ እናቴን እንኳ የማልናገረውን ተናገርኳቸው። በመተላለፊያው አፍ ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ። ሰዎቹን ዝም ያሰኟቸው ታንከሩ ሲወዛወዝ አይተው ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አላየሁም አሉ። ዘፈኑን ነው የሰሙት። እጄን ያዙኝ።

"ሁለቱ ሲወለድ ዘፈንን" አሉኝ። "ውሃ ሳይኖር፣ ምንም ሳይኖር፣ ቀድመን ዘፈንን። አሁን በቃ። መጀመሪያ ውሃ።"

ቁጣዬን ትቼ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ጋሼ ከላይ ክላክስ ነፋልኝ፤ አንዴ ብቻ፣ ቀስ አድርጎ።

ቧንቧው እስኪገጠም እኛ አልቆየንም። ዝናቡ በዚያው ሰሞን ገባ። ውሃው ወርዷል ሲባል ሌላ ቦታ ሆነን ሰማን፤ ከዚያ በላይ የነገረኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እውነቱን ለመናገር መጠየቁን ፈራሁት። በዚያ መንገድ ባለፍን ቁጥር ወደ መንደሩ የሚያስገባውን ኩርባ አያለሁ፤ ጋሼም ያያል። አንድም ቀን ስለዚያ አላወራንም።

ያ ክረምት ወጣ። ሌላ ክረምት ገብቶ ወጣ። ከዚያ ወደ ባምባሲ ለሌላ ሥራ ስንሄድ ጋሼ ሳልጠይቀው ክሬኑን ኩርባው ጋ ዳር አስያዘና ውሃ ጠማኝ አለ። የውሃ ጀሪካኑ ከወንበሩ ስር ሙሉ ነበር። ወረድኩ።

ቧንቧው ከኩርባው ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ሴቶች ጀሪካን ደርድረዋል። ከቧንቧው ስር፣ የፈሰሰው ውሃ ኩሬ በሠራበት፣ አንድ ሱሪ የሌለው ሕፃን ቁጭ ብሎ በመዳፉ ጭቃውን ይመታል። ገና በወጉ የሚራመድ አይመስልም። የማን ልጅ ነው ልበል አልበል እያልኩ፣ አንዷ ያቀበለችኝን የውሃ ጣሳ ይዤ ቆሜ ሳለ ከላይ፣ ከጠባቡ ቦታ በኩል፣ ድምፅ መጣ።

ሐቦባ ናቸው። አጥሩ ላይ ቆመው ይጣራሉ። በዚያ ቀን በጣታቸው መንደሩን ሁሉ ዝም ያሰኙት ሴትዮ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ እንደ መለከት አድርገው፣ ባላቸው ድምፅ ሁሉ፣ ዋናው መንገድ ድረስ በሚሰማ ድምፅ አንድ ስም ይጠራሉ። ደጋግመው ጠሩት። ሕፃኑ ራሱን ቀና አደረገ፤ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ወደ ድምፁ ዞረ። ሴቶቹ ሳቁ፤ ሂድ፣ እየተጠራህ ነው አሉት።

ጣሳውን ጨልጬ መለስኩ። ወደ ክሬኑ ስመለስ ጋሼ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ኖሯል፤ እሱም ሰምቷል። ስሙን እኔ እዚህ አልጽፈውም። የእሳቸው ነው፤ እሳቸው ይጥሩት።